ምዕራፍ አራት፦ እጅ ያለበት ዳጣ

ቅዳሜ ጠዋት ጂንካ ገበያ የገባ ሰው በርበሬ ተራን ከማየቱ በፊት ያስነጥሰዋል። ከአሪ ደጋማ መንደሮች የወረዱ ሴቶች የተሸከሙትን ያወርዳሉ፦ ጎደሬ፣ አፈሩ ያልተራገፈ ዝንጅብል፣ በክር የተሰካ ኮረሪማ፣ በሣር ተጠቅልሎ የመጣ የሸክላ ድስት። ከደረቁ በርበሬ ትንሽ እልፍ ሲሉ እሸቱ አለ፤ ቀይና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ቃሪያ በጣሳ እየተለካ ይሸጣል።

ዳጣ ልትፈጭ ያሰበች እናት ቃሪያ በዓይኗ ብቻ አትገዛም። አንዱን አንስታ በአውራ ጣቷ ጫን ትለዋለች። ጫፉን ቆርጣ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። ሌላውን ጆሮዋ አጠገብ ትሰብረዋለች፤ ቀጭ ካለ የዛሬ ነው፣ ዝም ካለ አድሯል። አጠገቧ ዘንቢል ይዛ የቆመች ልጅ ይህን ሁሉ ታያለች። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አይነግራትም።

ዳጣ ከእሸት ቃሪያ ወይም ከበሰለ ቀይ በርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከጤናዳም፣ ከድንብላልና ከጨው በእርጥቡ የሚፈጭ ማባያ ነው። አዋዜ ከደረቅ በርበሬ ይሠራል፤ ዳጣ የእርጥቡ ነው። ወላይታ፣ ሲዳማ፣ ጋሞ፣ ጎፋ እያንዳንዱ የራሱን ያወድሳል፤ ሁሉም ትክክል ነው። ጂንካ ለረጅም ጊዜ የደቡብ ኦሞ መቀመጫ ሆና ስለቆየች ከእነዚህ ሁሉ አካባቢዎች የመጣ ሰው ከአሪው፣ ከማሌውና ከበናው ጋር በአንድ ገበያ ይሸምታል። ስለዚህ የአንድ ሰፈር ጓሮዎች ዳጣ እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዷ በሶብላ ታበዛለች፣ ሌላዋ ጤናዳሙን ትጠላለች፣ ሦስተኛዋ ከባሏ እናት የለመደችውን ኮረሪማ ካልጨመረች ዳጣ አልሠራሁም ትላለች። ቆጮ፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚበላ ኩርኩፋ፣ የተጠበሰ ሥጋና ቁርጥ ግን ከሁሉም ጋር ይስማማሉ።

ይህ ምዕራፍ ስለ ፍሬ ነው፤ ቃሪያ ምን አመጣው የሚል አንባቢ ይኖራል። የዕጽዋት ሊቃውንት ቃሪያን የሚያስቀምጡት ከወይን፣ ከቲማቲምና ከሙዝ ጎን ነው። ከአንድ አበባ ከአንድ ማህፀን የወጣ፣ ሥጋው ለስላሳ የሆነ፣ ዘሩን ያለ ጠንካራ ቅርፊት በሆዱ የያዘ ፍሬ ለእነሱ አንድ ወገን ነው። በዚህ መስፈርት እንጆሪ ከወገኑ ይወጣል፤ ብዙ ጥቃቅን ፍሬዎች አንድ ላይ ተጣብቀው የሠሩት ነውና። የቡና ቀይ ፍሬም ዘሩን በገለፈት ስለሚሸፍን ሌላ ቤት ይገባል። አማርኛ ለዱር ፍሬዎቹ እንዲህ ያለ የጋራ ስም አላወጣም። አጋም አጋም ነው፣ ቀጋም ቀጋ፤ እንኮይ፣ ዶቅማ፣ ኮሽምና እንጆሪ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ወቅት ይታወቃሉ። የለቃሚ ስሞች ናቸው።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ እንዲህ ያሉ ፍሬዎች ሲደርሱ ቤተሰብ ተሰብስቦ ከስኳር ጋር ቀቅሎ በጠርሙስ ያሽጋቸዋል። የጂንካ ቤተሰብ ፍሬውን ከጨው ጋር ይፈጫል። ስኳርና ጨው አንድ ሥራ ይሠራሉ፦ ሁለቱም ውሃውን ወደራሳቸው ስበው ይይዙታል፤ ምግብ የሚያበላሹ ተሕዋስያንም የሚጠጡት ያጣሉ። ልጆችም በሁለቱም አገር አንድ ዓይነት ትዝታ ይይዛሉ፤ የተለወሰ ጣት፣ የተቆጣች እናት፣ ተደብቆ የተላሰ ማንኪያ። የጂንካው ልጅ ማንኪያውን ሁለተኛ አይልሰውም።

ከጂንካ ወደ ኦሞ ወንዝ ሲወረድ ፍሬ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ጥላሁን ተክለሃይማኖትና ምሩጽ ጊዳይ የተባሉ ተመራማሪዎች የካራና የኩዌጎ ማኅበረሰቦች የሚበሏቸውን የዱር ዕጽዋት አጥንተው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ 38 ዓይነት መዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ የብዙዎቹ የሚበላው ክፍል ፍሬያቸው ነው። ዝርዝሩን ያነበበ ሰው የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱ ሕዝቦች ጎረቤት ሆነው አንዱ የሚበላውን ሁሉ ሌላው አይበላም። ዛፉ ለሁለቱም ቆሟል፣ ልማዱ ግን ከቤት ነው።

በቆላው ወንዝ ዳር የሚበቅለውን ሮቃ እንውሰድ። ቡናማ ሽፋኑ ሲሰበር የሚገኘው የሚያጣብቅ ሥጋ በውሃ ተዘፍዝፎ ታሽቶ ሲጠለል ጎምዛዛ መጠጥ ይሆናል። ጉምዛዜውን ከወይን ፍሬ ጋር ይጋራል፤ በአብዛኛው ፍሬ ውስጥ እምብዛም የማይገኘው ታርታሪክ አሲድ በሮቃ ውስጥ ሞልቷል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ግን የአሲዱን ስም ሳያውቅ የትኛው ዛፍ እንደሚጣፍጥና የትኛው ጥርስ እንደሚያደነዝዝ ለይቶ ያውቃል። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ደግሞ እውቀቱ ከጣዕም ያልፋል። ሳይቀቀሉ ቢበሉ የሚጎዱ ፍሬዎችና ሥሮች አሉ፤ ስንት ጊዜ ውሃቸው መቀየር እንዳለበት የምታውቀው ያለፈውን ድርቅ ያየች አያት ናት። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የምግብ ትዝታ ጌጥ ሆኖ አያውቅም፤ ሰው ያተርፋል።

ወደ ቃሪያው እንመለስ፤ እሱ ራሱ የሩቅ አገር እንግዳ ነው። ዘሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያላመዱት የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ገበሬዎች ናቸው። ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት በአፍሪካም፣ በእስያም፣ በአውሮፓም በርበሬና ቃሪያ የቀመሰ ሰው አልነበረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በመርከብ ተጭኖ በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ንግድ ተሰራጨ። ከዚያ በፊት የነበረው የኢትዮጵያ ወጥ የሚያቃጥለው በዝንጅብል፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በጥምዝና በሰናፍጭ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ያለ በርበሬ አገሩን ማሰብ ያስቸግራል፤ ግን ከአያቶች ረጅም ሰልፍ ውስጥ በርበሬ ያልቀመሱት ከቀመሱት እጅግ ይበዛሉ።

ኮረሪማ የሌላ ወገን ነው። የትውልድ አገሩ የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ጫካ ሲሆን የአሪ ጓሮዎች ከሚታወቁበት ምርት አንዱ ነው። በእንሰትና በቡና መካከል፣ ጥላ ያለበት እርጥብ አፈር ላይ እንደ ሸምበቆ ይቆማል። አበባው ከቅጠሉ ጫፍ አይወጣም፤ መሬት አጠገብ ከሥሩ ይፈነዳል። ፍሬው ሲበስል ቀይና አንገቱ የቀጠነ ጠርሙስ የመሰለ ነው። ሥጋው ጣፋጭና ጎምዛዛ ስለሆነ ልጆች ይመጡታል፤ ለገበያ የሚፈለገው ግን በውስጡ የታጨቀው ዘር ነው። ፍሬው ደርቆ በክር ይሰካል፣ አንዳንድ ቤት ከምድጃ በላይ ይሰቀላል፣ ጭስም ይጠጣል። ዘሩን ቀድሞ ፈጭቶ ማስቀመጥ ኪሳራ ነው። መዓዛውን ከሚሰጡት ዘይቶች ዋናው ሲኒዮል የሚባለው ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲታሽ አፍንጫ የሚከፍተውም እሱ ነው፣ በቀላሉም ይተናል። ስለዚህ ኮረሪማ የሚፈለፈለው ዳጣው የሚፈጭበት ድንጋይ ሲዘጋጅ ነው።

ድንጋዩ ራሱ ምድጃ ነው ቢባል አይጋነንም፤ ያለ እሳት ያበስላል። ነጭ ሽንኩርት ሳይነካ ሽታው ትንሽ ነው። በሕዋሳቱ ውስጥ አሊይን የሚባል ንጥረ ነገርና እሱን የሚለውጠው ኢንዛይም በየክፍላቸው ተለያይተው ይኖራሉ። መጁ ሲጫናቸው ግድግዳው ይፈርሳል፣ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ በሰከንዶች ውስጥ አሊሲን ይወለዳል። ያ ዓይን የሚቆጠቁጠው ኃይለኛ ሽታ እሱ ነው። ጨው ገና ከጅምሩ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ከተፈጨ እንደ አሸዋ ሆኖ ይፋቃል፣ ውሃም ያወጣል። ዝንጅብሉ ጭረቱ እስኪለቅ ይታሻል። ቃሪያው ሲመጣ ድንጋዩ ላይ መረቅ አለ፤ ሌላ ውሃ አያስፈልገውም።

የኤሌክትሪክ መፍጫ ሥራ አቃሏል፤ ጀርባ የሚያስጎነብሰውን የአንድ ሰዓት ድካም የሚያውቅ ሰው ይህን አይንቅም። ነገር ግን የመፍጫው ስለት ይቆርጣል፣ መጅ ግን ይጨፈልቃል፤ ልዩነቱ ምላስ ላይ ይታወቃል። ስለቱ እንዲዞር ውሃ ይጠይቃል፤ ውሃ የገባበት ዳጣ ቀለሙ ይገረጣል፣ ጨውም ካልተጨመረለት ቶሎ ይበላሻል። ድንጋይ ያለው ቤት ድንጋዩን ባይጥል መልካም ነው።

የቃሪያን ዘር ማራገፍ ማቃጠሉን ያበርዳል የሚል እምነት በብዙ ቤት አለ። በከፊል እውነት ነው፤ ዘሩ ራሱ ግን አያቃጥልም። ካፕሳይሲን የሚመረተው ዘሩ በተንጠለጠለበት ነጭ ጅማት ውስጥ ነው። ዘር ሲራገፍ ጅማቱም አብሮ ስለሚወጣ ዘሩ ይታማል። በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ካፕሳይሲን የሚያንኳኳውን የነርቭ በር አገኙ። በሩ የተሠራው ለሙቀት ነው፤ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሆነ ነገር ሲነካው ተከፍቶ «ተቃጠልክ» የሚል መልእክት ወደ አንጎል ይልካል። ካፕሳይሲን ያንኑ በር ያለ እሳት ይከፍተዋል። ስለዚህ አፌ ተቃጠለ የሚል ሰው አላጋነነም፤ ነርቩ የነገረውን ነው የተናገረው። ጁሊየስ በዚህ ሥራው በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የወፎች በር ካፕሳይሲንን አያውቀውም። በርበሬውን ይበላሉ፣ ዘሩን ሳያኝኩ ይውጣሉ፣ ራቅ ብለውም ይጥሉታል፤ ማንም ያልተከለው ሚጥሚጣ በአጥር ሥር የሚበቅለው በእነሱ ነው።

ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፣ በስብ ግን ይሟሟል። ዳጣ አቃጥሎት ውሃ የሚጠጣ ሰው ቃጠሎውን በአፉ ሁሉ ያዳርሰዋል፤ ወተት ወይም እርጎ የተጎነጨ ይድናል። ዳጣ የፈጨች እናት ይህን በእጇ ታውቀዋለች። በሳሙና ካጠበችው በኋላም መዳፏ እስከ ማታ ይግላል። ቅቤ ወይም ዘይት ቀብታ ታሸዋለች፣ ከዚያ ትታጠባለች። ጡት የሚጠባ ልጅ ካላት ያን ቀን ፊቱን የምታጥበው እህቷ ወይም ጎረቤቷ ናት። የብዙ የጂንካ ልጅ የመጀመሪያ የዳጣ ትዝታ ጣዕም ላይሆን ይችላል፤ እናቱ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ደብቃ በክንዷ ብቻ ያቀፈችበት ቀን ነው።

እጅ የሚለው ቃል እዚህ ላይ በቅጡ መታየት አለበት። ሞሪዬ ካኔኮ የተባሉ ጃፓናዊት የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የአሪ ሸክላ ሠሪ ሴቶችን አጥንተዋል። አሪዎች «ኣኒ» የሚሉት ቃል እጅ ማለት ነው። የአንዲት ሸክላ ሠሪ ሥራ ከሌላዋ የሚለየውም በእጇ ነው ይባላል። ድስት ገዥዋ የምትመርጠው ድስቱን ብቻ አይደለም፤ የማን እጅ እንዳረፈበት ትጠይቃለች፣ የተስማማትን እጅ ለዓመታት ትከተላለች። ካኔኮን ያስገረማቸው ደግሞ ስለ ትምህርቱ የሰሙት ነው። ልጆቹ ያደጉት በእናቶቻቸው ጭቃ አጠገብ ሆኖ ሳለ ሸክላ መሥራትን የተማርነው በራሳችን ነው ይላሉ። እናት አጠገብ ናት፣ ትሠራለች፣ ልጅም ትሞክራለች፤ የልጅቱ ድስት የእናቷን ባይመስል ስህተት ተብሎ አይፈርስም። ሌላ እጅ ነው።

አማርኛ ተናጋሪም ስለ ወጥ ሲያወራ እንደዚሁ ነው። «እጇ ይጣፍጣል» ይላል። ቅመሙ፣ ሽንኩርቱ፣ እሳቱ አንድ ሆኖ የሁለት እህትማማቾች ወጥ ሲለያይ ምክንያቱን እጅ ላይ ያኖራል። ይህ አባባል ብቻ አይደለም። ዳጣ በሚፈጭ እጅ ውስጥ ልክ አለ፦ ጣት የሚያነሳው ጨው፣ ክንድ የሚለምደው ክብደት፣ መዳፍ የሚያውቀው ልስላሴ። በወረቀት ላይ «አንድ ማንኪያ ጨው» ተብሎ ሲጻፍ የሚጠፋውም ይኸው ነው፤ የዝናብ ወቅት ቃሪያ ውሃ ይበዛበታልና ጨው ይፈልጋል፣ የበጋው ግን ያንኑ ማንኪያ አይችልም። እጅ ይህን ያያል፤ ማንኪያ አያይም።

የተፈጨው ዳጣ ዕቃ ውስጥ ከገባ በኋላም አያርፍም። ቃሪያውና ቅጠላ ቅጠሉ ላይ የነበሩ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ጨው ውስጥ መኖር ይችላሉ፤ የፍሬውን ስኳር እየበሉ አሲድ ያወጣሉ። ዳጣው ቀን በቀን ይጎመዝዛል፣ ሌሎች ተሕዋስያንም ቦታ ያጣሉ። ሞገሴ አሸናፊን ጨምሮ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች አዋዜና ዳጣን በቤተ ሙከራ መርምረው በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ሁለቱንም ተብላልተው ከሚዘጋጁ ባህላዊ ምግቦች ተርታ አስቀምጧቸዋል። እናቶች ይህን በሌላ ቃል ይናገሩታል፤ «ይደር፣ ይዋሃድ» ይላሉ። ዛሬ የተፈጨ ዳጣ ነጭ ሽንኩርቱ ብቻውን ይጮኻል፣ ቃሪያው ብቻውን ይናከሳል። ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ግን ማን ማን እንደሆነ መለየት ያቅታል። ላዩ ሻጋታ እንዳያወጣ ዘይት የሚያፈስሱ አሉ፤ ዘይት አየር ይከለክላል። ዳጣው በደንብ ሳይጎመዝዝ ዘይት ለብሶ ሞቃት ቦታ መቀመጡ ግን አደገኛ ነው። አየር የሌለበትን፣ አሲድ ያልገባበትን ነጭ ሽንኩርት የሚወድ መርዘኛ ባክቴሪያ አለና። ጨው ሳይቆጥቡ፣ ጉምዛዜውን ጠብቀው፣ ፍሪጅ ላለው ቤት ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ነው ብልሃቱ።

ባክቴሪያዎቹ ከአሲዱ ጋር ጋዝም ያወጣሉ፤ ይህን የተማሪ አውቶብስ ያውቃል። ከጂንካ አዲስ አበባ በኮንሶና በአርባ ምንጭ በኩል 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ልጅ ሻንጣ ውስጥ፣ ከቆሎውና ከቅቤው አጠገብ፣ ዳጣ የሞላ የሃይላንድ ፕላስቲክ አይጠፋም። እናት እስከ አፉ አትሞላውም፤ አንድ ሁለት ጣት ትተዋለች። የቆላው ሙቀት ሲይዘው ላስቲኩ ያብጣል። ቀስ ብሎ ያልከፈተው ተማሪ የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ በዳጣ ይቀባል። ቀስ ብሎ የከፈተው ደግሞ ጭስ የሚል ድምፅ ሰምቶ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ያሸታል።

የሚሸተው ነገር ለምን ሰውን ያን ያህል እንደሚያናውጥ አንጎልን የሚያጠኑ ሰዎች የሚያስረዱት አላቸው። ዓይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው ወደ አንጎል ቅርፊት ሲሄድ መጀመሪያ በአንድ ማከፋፈያ ያልፋል። ሽታ ይህን ማከፋፈያ አይጠብቅም። ከአፍንጫ ጣሪያ የተነሳው መልእክት ስሜትና ትዝታ ወደሚመዘገቡባቸው ክፍሎች በአቋራጭ ይገባል። ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክሰል የሽታ ተቀባዮችን የሚሠሩትን የዘር መመሪያዎች በ1991 እ.ኤ.አ. አግኝተው በ2004 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። የሰው አፍንጫ 400 ገደማ ዓይነት ተቀባዮች አሉት። አንድ ሽታ ብዙዎቹን በአንድነት ይነካል፣ የተነኩት ስብስብም እንደ ፊደል ቃል ይሠራል። በሶብላ፣ ጤናዳም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የኮረሪማ ጭስ በአንድ ላይ የሚሠሩት ቃል በአንድ ቤት ብቻ የሚነበብ ነው። ተማሪው ክዳኑን ሲከፍት እናቱን ከማሰቡ በፊት ጉሮሮው የሚሞላው ለዚህ ነው።

ላስቲኩ በወር ውስጥ ያልቃል፤ ከዚያ ስልክ ይደወላል። የጥሪው አካሄድ በየቤቱ ይመሳሰላል። ልጅቱ ከተማ ገበያ ቃሪያውን ገዝታለች፣ ትንሽ ሙቀጫ ተውሳለች፣ እስክሪብቶም ይዛለች።

«እማዬ፣ ጨው ስንት ልጨምር?»

«እስኪበቃው።»

«ዝንጅብሉስ?»

«የአውራ ጣትሽን ያህል።»

«የኔን ነው ያንቺን?»

እናት ትስቃለች። ልጅቱ የጻፈችው ሁሉ ሁለት መስመር አልሞላም። ቃሪያው ቀጭ ይል እንደሆነ ትጠየቃለች፤ ሰብራ ታሰማለች። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱን በጨው እንድትወቅጥ ይነገራታል፤ ያንን ማንም ሳይነግራት ጀምራው ነበር። በመጨረሻ እናት ስልኩን ከሙቀጫው አጠገብ አስቀምጠሽ ውቀጪ ትላታለች፣ ዝም ብላም ታዳምጣለች። ዘነዘናው ይወርዳል፣ ይነሳል፣ ይወርዳል።

«ገና ነው» ይላል የስልኩ ድምፅ። «አሁንም ይጮኻል።»